ደን ሲመነጠር ዝናብ ይቀራል? ከደቡብ ጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ተወልደው ያደጉት በደቡብ ጎንደር በአንድ ደጋ ቀበሌ ነው። አባታቸው እንደሚነግሯቸው ከቤታቸው በላይ ያለው ጋራ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ በተሸፈነበት ዘመን ክረምቱ በወጉ ይገባ፣ በወጉም ይወጣ ነበር፤ ምንጩም እስከ ሚያዝያ ሳይነጥፍ ይዘልቅ ነበር። ዛሬ ጋራው እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ በጋው ያቃጥላል፤ ምንጩ ጥር ላይ ይደርቃል፤ ዝናቡም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ነገር መጠየቅ ፈልገዋል። ዝናቡን ያዛባው የደኑ መመንጠር ነው ወይ? ጋራውን መልሰን ብናለብሰው ዝናቡ ይመለሳል ወይ? ባሕር ዛፍ ዝናብ ያባርራል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። የበጋው ሙቀት ለመባባሱና ምንጩ ለመንጠፉ የጋራው መራቆት ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አያከራክርም። የክረምቱ ዝናብ ለመዛባቱ ግን የአንድ ጋራ፣ የአንድ ወረዳም ቢሆን፣ ደን መነሣት በራሱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ይህን ስል ደንና ዝናብ አይገናኙም ማለቴ አይደለም፤ በደንብ ይገናኛሉ። የሚገናኙት ግን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ያውም ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ባለው መሬት በኩል ነው። ሁለቱን ጉዳዮች እየቀላቀልን ስለምንናገር ዝናብ ባልቀነሰበት ቦታ ዝናብ ቀነሰ እንላለን፤ ችግኝ ዝናብ ያመጣል ብለን ተስፋ እናደርግና ሳያመጣ ሲቀር ደግሞ ችግኙ በእርግጥ የሚሰጠውን ሌላውን ጥቅም ጭምር እንክዳለን።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ በእርግጠኝነት የሚነገርበት እሱ ነውና። የፀሐይ ጨረር መሬት ሲደርስ ከፊሉ ተንጸባርቆ ወደ ሰማይ ይመለሳል። የቀረው ኃይል ከሦስት አንዱን ይሠራል፤ አፈሩን ያሞቃል፣ ከአፈሩ በላይ ያለውን አየር ያሞቃል፣ አለዚያም ውሃን ወደ ተን ይለውጣል። ሦስተኛው ሥራ ለዚህ ጥያቄ ዋናው ነው፤ ውሃን ለማትነን የዋለ ኃይል ቴርሞሜትር ላይ አይታይምና። ተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና እስኪሆን ድረስ ኃይሉ በውስጡ ተሸሽጎ ይቆያል። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 2.45 ሜጋጁል ያህል ኃይል ይጠይቃል። ሥሩ ጥልቅ የሆነና ውሃ ያላጣ ደን በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያተናል ብንል፣ ይህ በአንድ ሄክታር 40,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ የሚወስደውም ኃይል ወደ 27,000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሌትና ቀን ሳይጠፋ ከአሥር ወር በላይ ቢቆይ የሚፈጀው ይህን ያህል ነው፤ የአንድ ሄክታር ደን ግን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በእኛ ደጋ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በአማካይ 20 ሜጋጁል አካባቢ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ደን የዚህን ግማሽ ያህል ለማትነን ያውለዋል። ደኑ ተነሥቶ በቦታው የመጋቢት ደረቅ ማሳ ሲተካ፣ ያ ኃይል ሌላ መሄጃ ስለሌለው አፈሩንና አየሩን ያግላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ደን ጠቆር ያለ ስለሆነ ጨረር ይውጣል፤ ካረፈበት ጨረር የሚመልሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ነው። ደረቅና ነጣ ያለ ባዶ አፈር ግን ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይመልሳል። ታዲያ ይበልጥ መሞቅ የሚገባው ደኑ አልነበረም ወይ? በረዶ በሚጥልባቸው የሰሜን አገሮች ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ነው፤ እዚያ ደን ሲነሣ ነጭ በረዶ ሜዳውን ያለብሰውና ጨረሩን ስለሚመልሰው ቦታው ይቀዘቅዛል። በሐሩር ክልል ግን በትነት የሚገኘው ቅዝቃዜ በነጸብራቅ ማነስ ከሚመጣው ሙቀት ይበልጣል። በዚያ ላይ ወጣ ገባ የሆነው የዛፎች አናት ነፋሱን እያናወጠ ሙቀቱ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲበተን ያደርጋል፤ ለጥ ያለ ማሳ ይህን አያደርግም። ሳተላይቶች በሐሩር አገሮች ላይ ለክተው ደን የተነሣበት መሬት ቀን ቀን ይበልጥ እንደሚግል በተደጋጋሚ ያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጠያቂው ባሉበት አካባቢ በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ደን ይበቃል። በመጋቢት ቀትር አጨዳው ካለቀ ወራት ካስቆጠረ ማሳ ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚገባ ሰው ልዩነቱን በጥቂት እርምጃ ያገኘዋል። ውጭ ያለው አፈር ተሰነጣጥቋል፤ ዋልካ ከሆነ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል፤ በባዶ እግር ለመርገጥም ይፋጃል። ከቅጥሩ ውስጥ ግን የወደቀው ቅጠል ተነባብሮ የተኛበትን መሬት በእጅ ገለጥ ቢያደርጉት ጥቁር፣ ርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ይወጣል። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የተራቆተው ሜዳ ቀን ያገኘውን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቅ ከደኑ ውስጥ ይልቅ ይበርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣው ከዛፍ ሥር የማይደፍረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ደን ቀኑን ከማቀዝቀዝ ባሻገር በቀንና በሌሊት መካከል ያለውን ልዩነት ያጠብባል። ለሰብልም ሆነ ለከብት ይህ ልዩነት ከአማካዩ ሙቀት ያላነሰ ዋጋ አለው።

ሆኖም ሙቀቱን ሁሉ በጋራው ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ጨምሯል፤ ይህ በዋናነት የዓለም ሙቀት መጨመር ድርሻ ነው፤ ጋራዎ እንደ ጥንቱ ቢሆንም ኖሮ ከዚህ አያመልጡም ነበር። የደኑ መነሣት በዚህ ላይ የተደረበ የአካባቢ ሙቀት ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት እያወጡ ሌላ ሦስተኛ ንብርብር ይጨምራሉ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው ሌሊቱ እንደ ድሮው አይበርድም ሲል ከሚያማርርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። እሱን እዚህ አልገባበትም።

ወደ ዝናቡ የሚያሻግረን ወቅቱ ነው። ከላይ የተናገርኩት የደንና የማሳ ልዩነት የሚጎላው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ማሳው ደርቆ ባዶውን ሲቀር የዛፍ ሥር ግን ከጥልቁ ውሃ ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ማሳውም በገብስና በጤፍ ለምልሟል፤ አፈሩ በውሃ ጠግቧል፤ ፀሐይዋም በደመና ስለተጋረደች ለትነት የሚሆን ኃይል ያንሳል። በዚያ ወቅት ደኑም ማሳውም የሚያተኑት መጠን ይቀራረባል። እንግዲህ አብዛኛው ዝናባችን በሚዘንብበት ወቅት የጋራው ደን መነሣት ወደ አየሩ የሚወጣውን እርጥበት የሚያጎድለው በጥቂቱ ነው።

ቢያጎድለውም እንኳ ጉድለቱ የሚታየው እርስዎ ቀበሌ ላይ አይደለም። አንድ ጊዜ የተነነ ውሃ ዝናብ ሆኖ እስኪወርድ በአማካይ ከስምንት እስከ አሥር ቀን አየር ላይ ይቆያል። ነፋሱ በሴኮንድ 5 ሜትር ብቻ ቢጓዝ በአንድ ቀን 430 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ከጋራው የወጣው እርጥበት ሲበዛ ሌላ ክፍለ አገር፣ ወይም ሌላ አገር ይዘንባል፤ እርስዎ ላይ የሚዘንበውም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። በዓለም ደረጃ የተሠራ ስሌት በየብስ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ 40 በመቶ ያህሉ ራሱ ከየብስ የተነነ፣ የቀረው ከውቅያኖስ የመጣ መሆኑን ያሳያል። የአንድ ወረዳን ስፋት ብቻ ወስደን ስንመለከት ግን እዚያው ተንኖ እዚያው የሚዘንበው ጥቂት በመቶ ቢሆን ነው።

ታዲያ የእኛ ክረምት ውሃውን ከየት ያመጣል? እርጥበቱ በአንድ መንገድ ብቻ አይገባም። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በኮንጎ ተፋሰስ ላይ የሚያልፈው አለ፤ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው አለ፤ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በኩል የሚወርደውም ቀላል አይደለም። እነዚህ ነፋሳት ወደ ተራራዎቻችን ሲደርሱ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ያዘንባሉ። ተራራው ደን ይልበስ አይልበስ ከፍታው አይለወጥም። በዚህ ውስጥ የዕፅዋት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱን በተለይ ማንሣት እወዳለሁ። የአዲስ አበባ ዝናብ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናሙናው እየተወሰደ በውስጡ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን አይሶቶፖች፣ ማለትም ያው ንጥረ ነገር ሆነው በክብደት የሚለያዩ አቶሞች፣ ሲለኩ ቆይተዋል። ከባሕር የራቀና ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚዘንብ ውሃ ከባዶቹን አይሶቶፖች በየመንገዱ እያራገፈ ስለሚመጣ ቀላል መሆን ነበረበት፤ የአዲስ አበባው ግን ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ አሳማኝ ሆኖ ያገኘሁት ማብራሪያ ከፊሉ እርጥበት በኮንጎ ተፋሰስ ደኖችና በደቡብ ሱዳን በሱድ ረግረግ በኩል እንደገና የተነነ ነው የሚለው ነው፤ ዕፅዋት ውሃን ከሥር ስበው በቅጠል ሲያወጡት ከባዱንም ቀላሉንም ሳይለዩ መልሰው አየሩን ያበለጽጉታልና።

ይኸው ዘዴ ከዚህ ቀደም በብራዚል ትልቅ ነገር አሳይቷል። ኤኔያስ ሳላቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ፣ ከአትላንቲክ ተነሥቶ በአማዞን ላይ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዝናብ አይሶቶፖቹ ይቀንሳሉ ተብሎ የሚጠበቀውን ያህል እንደማይቀንሱ፣ ይህም ደኑ ዝናቡን ተቀብሎ ደጋግሞ ወደ ሰማይ ስለሚመልሰው መሆኑን አስረድተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጉዳዩን በመላው ሐሩር ክልል ተመልክቶ፣ ከ60 በመቶ በሚበልጠው የብስ ላይ፣ በቀደሙት ቀናት በብዙ ዕፅዋት ላይ ያለፈ አየር በጥቂት ዕፅዋት ላይ ካለፈው አየር ቢያንስ እጥፍ ዝናብ እንደሚሰጥ አሳይቷል። በደቡባዊ አማዞን የዝናቡ ወቅት ገና ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ሳይጠነክር አስቀድሞ እንዲገባ የሚያደርገው ደኑ ራሱ የሚያወጣው እርጥበት መሆኑም ታውቋል። ስለዚህ ለደቡብ ጎንደር ዝናብ የሚያሳስብ የደን ምንጠራ ካለ በነፋሱ መነሻ በኩል ያለው ነው፤ የኮንጎ ተፋሰስ ደንና፣ ከአገር ውስጥ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ የካፋ፣ የሸካና የያዩ ደን። ዩኔስኮ ካፋንና ያዩን በ2010፣ ሸካን በ2012 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች አድርጎ ሲመዘግብ ስለ ቡናና ስለ ብዝኃ ሕይወት ብዙ ተነግሯል፤ እነዚህ ደኖች ለሰሜኑ በነፋስ አቅጣጫ «ከላይ» ያሉ መሆናቸው ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

የመሬት ሽፋን ብቻውን ድርቅ ያመጣል የሚለው ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ከሚገኘው ከሳህል ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሳህል አገሮችን ድርቅ ሲመታ፣ ዝነኛው የሜትሮሎጂ ሊቅ ጁል ቻርኒ በ1975 አንድ ማራኪ መላምት አቀረበ። ከብቶች ሣሩን ከልክ በላይ ሲግጡት አፈሩ ይገለጣል፤ የተገለጠ አፈር ጨረር ስለሚመልስ በላዩ ያለው አየር ኃይል ያጣና ወደ ታች ይሰምጣል፤ የሚሰምጥ አየር ደመና አይሠራም፤ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ሣሩ ይብሱን ይመነምናል። ለብዙ ዓመታት በዚህ የተነሣ ጥፋቱ በአርብቶ አደሩ ላይ ተላከከ። በኋላ ግን፣ በተለይ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ የኮምፒውተር ሞዴል ሥራ፣ የውቅያኖሶችን የወለል ሙቀት ብቻ በመስጠት የሳህልን የዝናብ መውጣትና መውረድ በአብዛኛው ማስመሰል እንደሚቻል ታየ። ዝናቡም ከ1990ዎቹ ወዲህ በከፊል ተመልሷል፤ ይህም የሆነው መንጋው ስለቀነሰ አይደለም። የቻርኒ ሐሳብ ግን ከነጭራሹ አልወደቀም። ድርቁን ያስነሣው ውቅያኖሱ ቢሆንም መሬቱ ደግሞ አባብሶታል፤ እርጥበቱ የጠፋ አፈርና የመነመነ ሣር ድርቁን ከራሱ ዕድሜ በላይ አስረዝመውታል። ጠያቂው ስለ አካባቢያቸው ሲያስቡ ይህን የጀማሪና የአባባሽ ልዩነት ቢይዙት ብዙ ነገር ይጠራላቸዋል።

ከሳህል ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ጎረቤታችን ሱዳን ያለው የገዚራ እርሻ ነው። በነጭ ዓባይና በጥቁር ዓባይ መካከል ያለው ይህ የመስኖ እርሻ ከስናር ግድብ ጋር በ1925 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ፣ በ1960ዎቹ በመናቂል በኩል ተስፋፍቶ፣ ዛሬ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ደረቅ የነበረ ሜዳ በዚህ ስፋት በውሃ ሲረሰርስ ከዚያ በላይ የመሬት ሽፋን ለውጥ ከየት ይገኛል? ትነቱ ስለጨመረ እርሻው ላይ ዝናብ ይበዛል ብሎ መገመት ይቀላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ያገኘው ግን ሌላ ነው። እርሻው በትነት ስለቀዘቀዘ በላዩ ያለው አየር ከብዶ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ስለዚህ በራሱ በእርሻው ላይ ዝናቡ ይቀንሳል። በክረምቱ ደቡብ ምዕራባዊ ነፋስ ተገፍቶ የሚወጣው እርጥብ አየር ግን ከእርሻው በስተምሥራቅ ዝናቡ እንዲጨምር አድርጓል፤ ጭማሪው በዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች መዝገብ ላይ ሳይቀር ይታያል። ውሃውን የከፈለው ገዚራ፣ ዝናቡን ያገኘው ጎረቤቱ። ደን ብንተክል እላያችን ላይ ይዘንባል የሚለውን ተስፋ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጠያቂው ከራሳቸው ደጃፍም ምሳሌ አላቸው። ጣና በሐይቁ ዳር ያለውን ዝናብ ሰዓቱን ይለውጠዋል። ከሐይቁ ራቅ ባሉት ተራሮች ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ማምሻውን ሲጥል፣ በሐይቁ ዳርቻ ያለው ግን ሌሊት ይበዛል። ምክንያቱ የየብሱና የውሃው የሙቀት ልዩነት ነው። ቀን የጋለው የብስ አየሩን ከሐይቁ ወደ ተራራው ይስበዋል፤ ሌሊት ተራራው ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይወርድና ከሞቀው ውሃ በላይ ደመና ይገነባል። የመሬቱ ገጽ ዝናብ የት ቦታና በስንት ሰዓት እንደሚወርድ መወሰን ይችላል፤ ለዚህ ግን የጣናን ያህል 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋትና ኃይለኛ የሙቀት ልዩነት አስፈልጎታል።

አሁን መዝገቡን እንይ። የላይኛው ጥቁር ዓባይ ተፋሰስን ከ1964 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ባለው የ40 ዓመት መረጃ የመረመረ ጥናት በተፋሰሱ ጠቅላላ ዝናብ ላይ፣ የዓመቱም ሆነ የየወቅቱ፣ ትርጉም ያለው ለውጥ አላገኘም። የወንዙ ፍሰት ግን ተለውጧል፤ በወንዙ መለኪያ ጣቢያዎች፣ በባሕር ዳር፣ በከሴና በኤልዲየም፣ በተለካው ሁሉ የክረምቱ ፍሰት ጨምሯል። ዝናቡ ያው ሆኖ ጎርፉ ከበዛ፣ ቀድሞ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ውሃ አሁን በላዩ እየሄደ ነው ማለት ነው።

የአባትዎን ትዝታ የማየው በዚህ ዓይን ነው። ትዝታቸው ሐሰት አይደለም። ገበሬ ዝናብን የሚለካው በማሳው አፈር ነው። አፈሩ ጥልቅና ብስባሽ የበዛበት በነበረ ጊዜ በክረምቱ መካከል ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቢያቋርጥ ሰብሉ ከአፈሩ እየጠጣ ይሻገር ነበር፤ ማንም ስለዚያ መቋረጥ አያወራም፣ አያስታውስምም። አፈሩ ታጥቦ ስስ ከሆነ በኋላ ያው የሁለት ሳምንት መቋረጥ ቡቃያውን ያደርቀዋል፤ ዘንድሮ ዝናቡ ከዳን ይባላል። ምንጩም እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ የዝናቡ ራሱ መለዋወጥ ይጨመራል፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅም ሆነ የ2015 እ.ኤ.አ. ድርቅ በእውን የደረሱ ናቸው። የሁለተኛው መነሻ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የነበረው ኃይለኛ ኤልኒኖ፣ ማለትም የውቅያኖሱ ወለል ከልማዱ በላይ መሞቅ፣ ነው፤ ኤልኒኖ በሚነሣበት ዓመት ክረምታችን ብዙውን ጊዜ ይዘገያል፣ ይሳሳልም። ጋራው ላይ ያለ ጽድ ይህን የማስቆም አቅም የለውም።

ስለ ድሮው ደን ስንናገርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፣ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደጋገማል። የታሪክ ተመራማሪው ጀምስ ማካን የዚህን ቁጥር ምንጭ ተከታትሎ፣ 40 በመቶው በልኬት ላይ ያልተመሠረተ፣ ከሰነድ ወደ ሰነድ እየተቀዳ የመጣ ግምት መሆኑን አሳይቷል። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸው ፎቶግራፎችም አሉ። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ እነዚያኑ ቦታዎች ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ቢያነሡአቸው፣ ብዙዎቹ ያን ጊዜም የተራቆቱ እንደነበሩ፣ አንዳንዶቹም ዛሬ የተሻለ ዛፍ እንዳላቸው ታየ። ይህ የእርስዎ ጋራ አልተመነጠረም አያሰኝም፤ አባትዎ በዓይናቸው ያዩትን ፎቶግራፍ አይሽረውም። ነገር ግን የአንድ አገር የዝናብ ታሪክ በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ሊገነባ አይችልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ጋራው መልሶ ቢለብስ ሙቀቱ ለመቀነሱ ዋስ እሆናለሁ፤ ዛፎቹ ጥላ ከሰጡበት ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። ጎርፉና የአፈር እጥበቱም ይቀንሳል፤ ለዚህ እንዲያውም ዛፍ እስኪያድግ መጠበቅ አያሻም። እርከን ተሠርቶ መሬቱ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆኖ ቢከለል፣ ሣሩና ቁጥቋጦው ራሱ በጥቂት ክረምት ለውጥ ያሳያል። ስለ ምንጩ ግን ጠንቀቅ ብዬ ነው የምናገረው። ዛፍ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ አፈሩን እያላላ ውሃ ያሰርጋል፣ የሰረገውንም ይጠጣል። ምንጩ የሚመለሰው ማስረጉ ከመጠጣቱ ሲበልጥ ነው፤ ይህም የሚሆነው አፈሩ እጅግ በተጎዳበት፣ ዛፎቹም ተራርቀው በተተከሉበትና የአገር በቀል ቅይጥ በሆኑበት ቦታ ነው። ተጠጋግቶ የተተከለ ፈጣን አዳጊ ዛፍ ከሆነ ምንጩ ከመመለሱ ይልቅ ሊብስበት ይችላል። የተከላ ዘመቻዎቻችን የችግኝ ቁጥር ሲያስታውቁ ምን ዓይነት ዛፍ፣ ከየትኛው ምንጭ በላይ እንደተተከለ አብረው ቢናገሩ መልካም ነበር።

ይህ ወደ ባሕር ዛፍ ያደርሰናል። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የገባው ይህ ዛፍ ዝናብ አያባርርም። እንዲያውም ከብዙ ዛፎች የበለጠ ስለሚያተን ወደ አየሩ የሚሰጠው እርጥበት ይበዛል እንጂ አያንስም። ክሱ ሰማዩን ይመለከት ከሆነ ነፃ ነው፤ መሬቱን ከሆነ ግን ጥፋተኛ ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ የተፋሰስ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ የሣር መሬት ባሕር ዛፍ ሲተከልበት የሚወጣው የወንዝ ውሃ በአማካይ በ75 በመቶ፣ ፓይን የተባለው የውጭ አገር ዛፍ ሲተከልበት ደግሞ በ40 በመቶ ቀንሷል። ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በደቡብ አፍሪካ ሞኮቡላን በተባለ ቦታ የተደረገው ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ አንድ ትንሽ ጅረት ዙሪያ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ በዘጠነኛው ዓመት ጅረቱ ፈጽሞ ደረቀ። ዛፎቹ 16 ዓመት ሲሞላቸው ተቆረጡ፤ ጅረቱ ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ እንደ ቀድሞው መፍሰስ የጀመረው አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። ሥሮቹ ከአፈሩ ጥልቀት ያሟጠጡት ውሃ መጀመሪያ መተካት ነበረበት። ደቡብ አፍሪካ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንግድ ደን ለመትከል ፈቃድ የምትጠይቀው እንዲህ ያሉ ልኬቶች ስለነበሯት ነው።

ገበሬው ባሕር ዛፍ የሚተክልበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ ጤፍና ገብስ የማይሰጡትን ጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ለቤት ማገርና ለማገዶም ሌላ የሚተካው የለም። ስለዚህ ከነጭራሹ ይነቀል አልልም። ከምንጩና ከጅረቱ ዳር ራቅ ብሎ፣ ለእርሻ በማይሆን ጥግ ላይ ቢወሰን ይበቃል። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ያለው ግን መነሣት ይኖርበታል። ሲነሣም ጉቶው አብሮ ካልተነቀለ በአንድ ክረምት አቆጥቁጦ ያንኑ ውሃ መጠጣት ስለሚቀጥል፣ መንደሩ ሲስማማ የመቁረጡን ብቻ ሳይሆን የመንቀሉን ጉልበት ጭምር መድቦ መሆን አለበት። በቦታው ወይራ፣ ኮሶ፣ ብሳናና ዋንዛ እንደ ከፍታው እየተመረጡ ተራርቀው ቢተከሉና ተዳፋቱ ከልቅ ግጦሽ ቢጠበቅ፣ ምንጩን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መጠበቅ ገና ነው፤ የሞኮቡላን ጅረት እንኳ ዛፉ ተነሥቶለት አምስት ዓመት ፈጅቷል።